ያገለገለ ሴሚ ትራክ ስትገዙ፦ ማንዋል ወይስ አውቶማቲክ?

ሁለት የ2019 ኬንዎርዝ ቲ680 ሴሚ ትራኮች (ተሳቢ የሚጎትቱ ከባድ መኪኖች) አንድ ያርድ፣ ማለትም የመሸጫ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመዋል እንበል። ቀለማቸው ይለያይ እንጂ ማይላቸው ተቀራራቢ ነው፤ ዋጋቸውም አይራራቅም። የአንደኛውን በር ስትከፍቱ ከወለሉ የተተከለ ረጅም የማርሽ ዘንግ ታያላችሁ፤ በግራ በኩል ፍሪሲዮን አለ፤ ካምቢዮው ባለ 13 ማርሽ ኢተን ፉለር ነው። የሁለተኛው ወለል ባዶ ነው። ማርሹ ከመሪው ሥር ወጣ ያለች ትንሽ እጀታ ሆናለች፤ ካምቢዮው ባለ 12 ማርሹ የፓካር አውቶማቲክ ነው።

አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያ ትራኩን ለመግዛት ገንዘብ ያጠራቀመ ሐበሻ ሹፌር እዚህ ላይ ሲደርስ ስልኩን ያወጣል። ምክር የሚሰጡት ሰዎች ደግሞ ሁለት ወገን ናቸው። አገር ቤት ተሳቢ ሲነዳ የኖረው «ፍሪሲዮን የሌለው ትራክ ምን ትራክ ነው?» ይለዋል። መንጃ ፈቃዱን እዚሁ ያወጣው «በዚህ ዘመን ማን ጉልበቱን ይጨርሳል?» ይላል። ሁለቱም የሚያወሩት ስለራሳቸው ነው፤ ስለ ትራኩ ገና ማንም አልተናገረም።

የኔን ሐሳብ ከወዲሁ ልናገር። በኢንተርስቴት (ግዛት አቋራጭ አውራ ጎዳና) ላይ ድራይ ቫን (ዝግ ተሳቢ) ወይም ሪፈር (ማቀዝቀዣ ያለው ተሳቢ) ለሚጎትት ሰው አውቶማቲኩን እመርጣለሁ። ግን ያገለገለ አውቶማቲክን የብልሽት ኮዱን በኮምፒውተር ሳያስነብብ የሚገዛ ሰው ካለ፣ ማንዋሉን ቢገዛ ይሻለዋል። ምክንያቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

መጀመሪያ መንጃ ፈቃዳችሁን አገላብጡ

ሲ.ዲ.ኤል (የንግድ ተሽከርካሪ መንጃ ፈቃድ) ያወጣችሁት በአውቶማቲክ ትራክ ተፈትናችሁ ከሆነ መንጃ ፈቃዱ ላይ «ኢ» የሚል ገደብ ሰፍሯል። ያ ፊደል ማንዋል የሆነ የንግድ ተሽከርካሪ መንዳት አይፈቀድላችሁም ማለት ነው። ፍሪሲዮን ፔዳል የሌለው ማንኛውም ትራክ እዚህ ውስጥ እንደ አውቶማቲክ ይቆጠራል። ገደቡን ለማንሳት በማንዋል ትራክ እንደገና የመንገድ ፈተና መውሰድ ያስፈልጋል። ትራኩን ከገዙ በኋላ ይህን የሚያውቁ ሰዎች አሉ፤ አታድርጉት።

ከራሳችሁ መንጃ ፈቃድ ባሻገርም አስቡ። ወደፊት ሹፌር ልትቀጥሩ ነው? ከወንድማችሁ ወይም ከባለቤታችሁ ጋር ቲም ሆናችሁ እየተፈራረቃችሁ ልትነዱ ነው? ዛሬ ከትምህርት ቤት የሚወጡት ብዙዎቹ የተማሩትም የተፈተኑትም በአውቶማቲክ ነው። ማንዋል ትራክ ካላችሁ የምትቀጥሩት ሰው ቁጥር ያንሳል፤ የተገኘውም «እችላለሁ» ብሎ ማርሹን ሲያንጫጫባችሁ ልትሰሙ ትችላላችሁ።

«አውቶማቲክ» ሲሉን ምን ማለታቸው ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የሴሚ ትራክ አውቶማቲክ የካምሪ አውቶማቲክ አይደለም። የዲትሮይት ዲቲ12፣ የቮልቮ አይ-ሺፍት፣ የማክ ኤም-ድራይቭ፣ የኢተን ኢንዱራንት፣ ሁሉም ከውስጥ ማንዋል ናቸው፤ የፍሪሲዮን ዲስክም ጥርስ በጥርስ የሚገባ ማርሽም አላቸው። ልዩነቱ ፍሪሲዮኑን የሚረግጠውና ማርሹን የሚያስገባው የእናንተ እግርና እጅ ሳይሆን በኮምፒውተር የሚታዘዝ አየር ወይም ኤሌክትሪክ መሆኑ ነው።

ይህን ማወቅ ለኪስ ይጠቅማል። ዳገት ላይ ቆማችሁ ፍሬን በመርገጥ ፈንታ ትራኩን ነዳጅ በመስጠት ብትይዙት ፍሪሲዮኑ ይቃጠላል። በትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ጥቂት ኢንች እየተሳቡ መሄድም እንዲሁ ይበላዋል፤ ከፊት ክፍተት እስኪፈጠር ጠብቆ አንዴ መንቀሳቀስ ይሻላል። የቤት መኪና ልማድ ይዞ የመጣ ሹፌር ፔዳል የሌለውን ፍሪሲዮን ሲጨርስ አይታወቀውም።

እውነተኛው አውቶማቲክ፣ ማለትም ቶርክ ኮንቨርተር ያለው አሊሰን፣ ሌላ ዓለም ነው። ገልባጭ፣ የቆሻሻ መኪና ወይም የኮንክሪት መኪና የምትገዙ ከሆነ፣ ቀኑን ሙሉ እየቆሙ መነሳት ስለሆነ ሥራው፣ አሊሰን ያለውን ፈልጉ። ይህ ጽሑፍ ግን የሚያወራው ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው ስለሚሆኑት ስለመጀመሪያዎቹ ነው።

ዳገትና ቁልቁለት

ማንዋል ወዳጆች የመጨረሻ ክርክራቸው ተራራ ነው። የዴንቨር ልጆች የሚያውቁት ኢንተርስቴት 70 ላይ ያለው የአይዘንሃወር ዋሻ ከባሕር ወለል በላይ 3,400 ሜትር ላይ ነው፤ ከእንጦጦ ይበልጣል። ከዋሻው ስትወርዱ ቁልቁለቱ እስከ 7 በመቶ ይደርሳል። ፌደራል ሕግ በሚፈቅደው 80,000 ፓውንድ ተጭናችሁ እዚያ ስትወርዱ የምትተማመኑት በማርሽና በጄክ ብሬክ (በሞተሩ ትራኩን በሚያዘገየው ፍሬን) ነው፤ ፍሬኑን ለመጨረሻ ታስቀምጡታላችሁ።

አባይ በረሃን በተሳቢ የወረደ ሰው ትምህርቱን እዚያው ጨርሷል፦ ማርሹን ከመውረድህ በፊት ቀንስ። ማንዋል ላይ ይህ ደንብ ሕይወት ነው። የሲንክሮናይዘር ቀለበት የሌለው ካምቢዮ ስለሆነ አር.ፒ.ኤሙ (የሞተሩ ዙር) ካልገጠመ ማርሹ አይገባም፤ ቁልቁለት መካከል ወጥቶ ያልተመለሰ ማርሽ ማለት ደግሞ ሞተሩ ከጎማው ተለያየ ማለት ነው። ያኔ የቀረው ፍሬን ብቻ ነው፤ ፍሬን ደግሞ ይግላል።

አውቶማቲኩ ማርሽ አይስትም። አዲስ ሹፌር ከሆናችሁ ይህ አንዱ ብቻ ሊያስመርጣችሁ ይችላል። ሆኖም በ«ዲ» ትታችሁት አትውረዱ። ወደ ማንዋል ሞድ አምጥታችሁ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ጫፉ ላይ ማርሹን ቀንሳችሁ፣ ጄኩን ከፍታችሁ ውረዱ። ዳገት ሲወጣ ግን ልምድ ያለው የ13 ወይም የ18 ማርሽ ሹፌር አንድ ነገር ይበልጠዋል፦ ዳገቱን በዓይኑ ያየዋል፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ትራኩ መክበድ ከጀመረ በኋላ ነው። አዲሶቹ ሞዴሎች ይህን እያጠበቡት ነው፤ በ2013 እና በ2014 የተሠሩት ላይ ግን ልዩነቱ በደንብ ይሰማል።

በረዶ ላይ፣ ጠባብ ዶክ ውስጥ ወደ ኋላ ሲገባ፣ በኢንች የሚለካ እንቅስቃሴ ሲያስፈልግ፣ ማንዋል ይጥማል። አውቶማቲኩ አንዳንዴ ይዘላል።

ነዳጅ

አውቶማቲኩ አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛውን ማርሽ ስለሚይዝ ይቆጥባል። ጎበዝ ሹፌር በማንዋል ሊደርስበት ይችላል፤ ግን ለ11ኛ ሰዓት እየነዳ የደከመ ሹፌር አይደርስበትም። ስሌቱን እንሥራው፦ አንዱ ትራክ በጋሎን 6.5 ማይል፣ ሌላው 7 ማይል ቢሄድና በዓመት 100,000 ማይል ቢነዱ፣ ልዩነቱ ወደ 1,100 ጋሎን ይጠጋል። ናፍጣ 4 ዶላር ከሆነ 4,400 ዶላር ገደማ ነው። ይህን ሁሉ ግን ለካምቢዮ ብቻ አትስጡት፤ የጎማ፣ የፍጥነትና የኋላ አክስል ሬሾ ድርሻም አለበት።

ሲበላሽ

ማንዋል ከመሞቱ በፊት ያማል። ፍሪሲዮኑ ማንሸራተት ይጀምራል፣ ፔዳሉ ቦታውን ይቀይራል፣ ማርሹ መግቢያው ላይ ይጮሃል። እነዚህ ምልክቶች ለሳምንታት ይቆያሉ፤ ሎዳችሁን (ጭነታችሁን) አድርሳችሁ፣ ዋጋ ጠይቃችሁ፣ ወደምታውቁት ጋራዥ ለመሄድ ጊዜ ይሰጣሉ። የፍሪሲዮኑ ማያያዣ በመንገድ ላይ ቢበጠስ እንኳ፣ ያለ ፍሪሲዮን በአር.ፒ.ኤም ማርሽ ማቀያየር የሚችል ሹፌር እየነዳ ጥግ መያዝ ይችላል። ደግሞም በየከተማው ያለ ማንኛውም የከባድ መኪና ሜካኒክ ይሠራዋል።

አውቶማቲክ ሲያምም ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ በመብራት ነው፤ አንዳንዴም ቆማችሁ እንደገና ማርሽ ስታስገቡ እምቢ ብሎ። ችግሩ አንድ ሴንሰር፣ አንድ የዛገ የሽቦ ማገናኛ፣ ወይም ፍሪሲዮኑን የሚገፋው አክቹዌተር ሊሆን ይችላል። ዕቃው ትንሽ ቢሆንም ትራኩን ወደ ዲለር በቶው (በጎታች መኪና) መውሰድ፣ ሶፍትዌር ያለውን ሰው መጠበቅ፣ ወረፋ መያዝ አለ። በዚህ መካከል ሎዱ ለሌላ ይሰጣል፤ የትራኩ ወርሃዊ ክፍያ ግን አይጠብቅም። አንድ ትራክ ብቻ ላለው ሰው ከጥገናው ዋጋ ይልቅ የቆመበት ቀን ነው የሚጎዳው።

እዚህ ላይ አንድ የሚረሳ ነገር፦ የደከመ ባትሪ። የኤሌክትሪክ ኃይሉ ሲወርድ የአውቶማቲኩ ኮምፒውተር የሌለ ብልሽት ይቆጥራል። የአየር ግፊት ማነስም እንዲሁ ማርሽ እንዳይገባ ያደርጋል። «ካምቢዮው ሞቷል» የተባለ ትራክ ባትሪ ተቀይሮለት የተነሳበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ማንዋሉንም አላወድሰውም። ያገለገለ ማንዋል ስትገዙ የቀድሞውን ሹፌር እግር ነው የምትገዙት። እየሄደ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለል የሚረግጥ ሰው ከነበረ የፍሪሲዮኑን ፍሬን አጥፍቶታል፤ እሱ የተሠራው ትራኩ ቆሞ ማርሽ ሲገባ ብቻ ለመሥራት ነው። ብዙ ሹፌር የተፈራረቀበት የኩባንያ ማንዋል ከሆነ የበለጠ ተጠንቀቁ።

ያርድ ውስጥ ስትፈትሹ

ሁለቱንም ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ አስነሱ። ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቃችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

ማንዋሉ ላይ ፔዳሉን በእጃችሁ ግፉት፤ ክብደት ሳይሰማ የሚሄደው ከ1 ተኩል እስከ 2 ኢንች አካባቢ መሆን አለበት። ከዚያ ነድታችሁ በከፍተኛ ማርሽ በዝቅተኛ ፍጥነት ነዳጁን እስከ ታች ስጡት፤ አር.ፒ.ኤሙ ከፍ ብሎ ፍጥነቱ ካልተከተለ ፍሪሲዮኑ አልቋል። ነዳጁን ስትለቁ ማርሹ ብድግ ብሎ የሚወጣ ከሆነ ተዉት። ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ ሬንጅ (ከታችኞቹ ወደ ላይኞቹ ማርሾች) ሲሻገር ማርሹ ከጮኸ የካምቢዮው የኋላ ክፍል ሥራ ይፈልጋል። በማርሹ ዘንግ ጫፍ አካባቢ የአየር ማፏጨት ካለ ርካሽ ነው፤ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ይጠቅማል።

አውቶማቲኩን በጆሮና በእግር መፈተሽ አይበቃም። የሚያነብ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፤ አሁን ያሉትን ብቻ ሳይሆን የቆዩትን የብልሽት ኮዶችም ያውጣ፤ የፍሪሲዮኑንም ድካም ከሥርዓቱ ማንበብ ከተቻለ ይይ። ያው ኮድ ደጋግሞ ከተመዘገበ ሻጩ የሚያውቀው ነገር አለ። ከዚያ ትንሽ ዳገት ላይ አቁማችሁ ወደፊትና ወደኋላ አስነሱት፦ ማርሹ ለመግባት ስንት ጊዜ ይወስዳል? ሲነሳ ይንቀጠቀጣል? ጄኩን ከፍታችሁ ሲቀንስ ማርሹን በሥርዓት ይወርዳል? ከሥሩም ገብታችሁ የሽቦ ማገናኛዎቹን እዩ፤ ጨው በሚረጭባቸው በሰሜኑ ግዛቶች የሠራ ትራክ እዚያ ላይ ይመሰክራል።

ከካሊፎርኒያ ጭነት የምታነሱ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ግዛቱ ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ ሞተራቸው ከ2010 በፊት የተሠሩ ከባድ ትራኮችን አያስገባም። ርካሽ ሆነው የሚያጓጉት አሮጌ ማንዋሎች ብዙዎቹ እዚህ ይወድቃሉ። ሞተሩ ከ2000 በፊት የተሠራ ትራክ ከኢ.ኤል.ዲ (የመንዳት ሰዓት ከሚመዘግበው መሣሪያ) ነፃ ነው ብላችሁ የምታስቡም ይህንኑ አብራችሁ አስሉ።

ታዲያ የቱን?

ፍላትቤድ (ጣሪያና ግድግዳ የሌለው ተሳቢ)፣ ከባድ ማሽን ወይም እንጨት የምትጎትቱ፣ ከጥርጊያ መንገድ ወጥታችሁ የምትሠሩ፣ በራሳችሁ እጅ የምትጠግኑና ከእናንተ ሌላ ማንም የማይነዳው ከሆነ፣ ባለ 13 ወይም ባለ 18 ማርሹን ውሰዱ፤ ለዚህ ሥራ ገዢም አያጣም። መስመራችሁ ከአትላንታ ዳላስ ከሆነ፣ ወይም የዋሽንግተን ቤልትዌይን (ከተማዋን የሚዞረውን የተጨናነቀ አውራ ጎዳና) በየቀኑ የምታዩት ከሆነ፣ የግራ ጉልበታችሁ አውቶማቲኩን ይመርጥላችኋል።

እዚያ ያርድ ውስጥ እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ትራክ ሄዳችሁ ኮዱን ላስነብብ በሉት ሻጩን። «እሺ» ካለና ንጹሕ ከሆነ ተደራደሩ። «ምን አስቸገራችሁ፣ ትናንት ነው የታየው» ካለ፣ ከጎኑ ያለውን ባለ 13 ማርሽ ቁልፍ ጠይቁት።