ሰርፐንታይን ወይስ ብሌነም?

ሁለቱም በእንግሊዝ ያሉ የመናፈሻ ሐይቆች ናቸው፤ ሁለቱም ወንዝ ይመስላሉ። ግን ሁለቱም ግድብ የያዘው ውሃ ናቸው።

የለንደኑ ሰርፐንታይን ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1730 ንግሥት ካሮላይን የዌስትቦርንን ወንዝ በሃይድ ፓርክ ውስጥ ማስገደብ ጀመሩ። ያኔ የመናፈሻ ውሃ በአብዛኛው ቀጥ ባለ ቦይ ነበር የሚሠራው፤ ይሄ ግን ተጠማዘዘ። ትልቅ ድፍረት ነው። ኋላ ወንዙ በከተማው ፍሳሽ ስለተበከለ በ1830ዎቹ ከሐይቁ ተለየ። ዛሬ ውሃው ከሌላ ቦታ ይመጣል።

ብሌነም፣ ኦክስፎርድሺር ውስጥ ያለው የብሌነም ቤተ መንግሥት ሐይቅ፣ ልቤን የወሰደው ነው። አርክቴክቱ ጆን ቫንብሩ ግዙፍ ድልድይ ነድፎ ነበር፤ ከሥሩ የሚያልፈው ግን ቀጭን ቦይ። ድልድዩ ያለ ቦታው የቆመ ይመስል ነበር። በ1760ዎቹ የመናፈሻ ነዳፊው ላንስሎት ብራውን የግላይምን ወንዝ ገድቦ ሸለቆውን በውሃ ሞላው። በድልድዩ ውስጥ የነበሩት የታችኞቹ ክፍሎች ሰጠሙ። ድልድዩም ልኩን አገኘ! ግድቡ ራሱ ከቤተ መንግሥቱ ራቅ ብሎ ተደብቋል፤ ትርፉ ውሃ እዚያ ፏፏቴ ሆኖ ይወርዳል።

በውበት ብሌነም ይበልጣል፤ እዚህ ላይ አልደራደርም። ለንደን ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ያለው ሰው ግን ሰርፐንታይንን ይይ፤ መግቢያውም ነጻ ነው።