ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር በአፋር አሸዋ ላይ

በአገራችን «ሃርድቶፕ» እየተባለ የሚጠራው ቶዮታ ላንድክሩዘር፣ ለሩቅና ለከባድ መንገድ የሚሆን መኪና ለሚሻ ሰው እስካሁን አቻ ያላገኘሁለት ነው። ዘሩ የሚመዘዘው በ1951 እ.ኤ.አ. የጃፓኑን የፉጂ ተራራ በመውጫው መንገድ ላይ እስካለው ስድስተኛ ማረፊያ ጣቢያ ከወጣው ጂፕ መሰል መኪና ሲሆን፣ ላንድክሩዘር የሚለውን ስም ያገኘው በ1954፣ ዛሬ የምናውቀው ባለ 70 ቁጥር ቤተሰብ የወጣው ደግሞ በ1984 ነው።

እኛ የተጓዝንበት ባለ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ቱርቦ ስለሌለው ዳገት ላይ ያዘግማል፤ ሆኖም ውስብስብ ኤሌክትሮኒክስ ስለሌለበት የገጠር መካኒክ እንኳ ብዙውን ብልሽት በመፍቻ ይጨርሰዋል፤ ይህ ደግሞ ጋራዥ በሌለበት በረሃ ከፍጥነት ይበልጣል። በአፋር ከሐመድ ኢላ መንደር ወደ ኤርታሌ እሳተ ገሞራ ስንጓዝ የኋላ ጎማው እስከ ቸርኬው አሸዋ ውስጥ ተቀበረ። ሾፌራችን ሳይጣደፍ ወርዶ የሞተሩ ኃይል ለፊት ጎማዎቹም እንዲደርስ ማያያዣቸውን በእጁ አዙሮ ቆለፈ፤ የአራቱንም ጎማ ነፋስ በጥፍሩ ጫን እያደረገ ቀነሰ፤ ከዚያም ከባድ ማርሽ አስገብቶ፣ አካፋ ሳይነካ፣ በዝግታ አወጣን።

ፊት ለፊት የሚተያዩት የኋላ መቀመጫዎች ግን በእውነት ወገብ ይሰብራሉ። በዕድሜ የገፋ ሰው ይዞ የሚሄድ ቤተሰብ የፊቱን ወንበር ለእርሱ ይተውለት።