ዲንሾና ዌብ ሸለቆ፦ ማንን ላመስግን፣ በማን ልዘን

ዘንድሮ ከሚኒሶታ ለሦስት ሳምንት አገር ቤት ገብቼ፣ ከዘመድ ጥየቃው መሀል አምስት ቀን ሰርቄ ባሌ ወጣሁ። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስላለው ስለ ሳነቲ አምባ ብዙ ሰው ያወራል። እኔ ግን የሄድኩት ከዲንሾ በእግርና በፈረስ ወደሚገባበት ዌብ ሸለቆ ነው።

መጀመሪያ ቅሬታዬን ልናገር። ጉዞውን ያስያዝኩት አዲስ አበባ ባለ አንድ አስጎብኚ ድርጅት በኩል ነበር። ጎማው ያለቀ መኪና ላኩልኝ፣ በሻሸመኔ በኩል ያንን ሁሉ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስሳቀቅ ሄድኩ፣ ዲንሾ ስደርስ ደግሞ «ተይዟል» ያሉኝ ፈረስም አስጎብኚም የለም። ሙሉ ክፍያ ተቀብለው! በጣም ነው ያዘንኩት።

ያዳኑኝ የዲንሾ ልጆች ናቸው። ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሳልርቅ፣ ቡና ጠጥቼ ሳልጨርስ አስጎብኚ፣ ሁለት ፈረስና ባለፈረስ ተገኘልኝ። ሂሳቡን ለየብቻ፣ ፊት ለፊት ነገሩኝ፤ በኋላም አንድ ብር አልጨመሩም።

አስጎብኚው አገሩን ያውቀዋል። ቀይ ቀበሮ እንደ ድመት አድብቶ ፍልፈል ሲይዝ ያሳየኝ እሱ ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፣ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው ያለው፤ ከዋና ጠላቶቻቸው አንዱ ከእረኞች ውሾች የሚተላለፍባቸው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ፊንጫ ሀበራ ፏፏቴ አካባቢ ደግሞ አንድ የዋሻ ጥላ አለ። ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች እዚያ ይኖሩ ነበር፣ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር። ያንኑ ፍልፈል ጠዋት ከጉድጓዱ ብቅ ሲል አይቼው ስለነበር እዚያ ቆሜ ዝም አልኩ።

ድንኳኑ ጥሩ ነበር። የተከራየሁት ስሊፒንግ ባግ ግን ስስ ነው፣ ብርዱ አጥንት ይገባል፣ የራሳችሁን ያዙ።

ባለፈረሱ አዛውንት ናቸው። እኔ ከአፋን ኦሮሞ «አካም» ብቻ ነው የማውቀው፣ እሳቸውም አማርኛ ብዙም አይሉም፤ ግን ዳገቱ ላይ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ሳልጠይቅ ፈረሱን ያቆሙልኛል። ከብቶቹ ወደ ሆራው፣ ማለት ወደ ማዕድናማው ውሃ፣ ሲነዱ በእጃቸው እያሳዩ፣ አፈሩ ጨው እንዳለው ምላሳቸውን ነክተው አስረዱኝ። ስንመለስ ቤታቸው አስገብተው ጭኮ (በቅቤ የታሸ የገብስ ዱቄት) አበሉኝ፣ ገንዘብ ብሰጥ አልቀበልም አሉ።

ለሚመጣው ዓመት ልጆቼን ይዤ እመጣለሁ። የምደውለው በቀጥታ ዲንሾ ነው።