ሚላን ሳን ራፋኤሌ ላሉ የሌሊት ተረኞች፦ እግዜር ይስጥልን

ሚላን ውስጥ ሳን ራፋኤሌ ሆስፒታል የስሜት ሕመም ክፍል ለምትሠሩ፣ በተለይ ከታማሚው ጋር ቁጭ ብላችሁ ለምታነጉት ነርሶች፣ ምስጋናችን ከልብ ነው። ለፕሮፌሰር ፍራንቼስኮ ቤኔዴቲና ለባልደረቦቻቸውም እንዲሁ።

ለከባድ ድባቴ አንድ ሌሊት ሙሉ አለመተኛት ይረዳል ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል። ነገሩ ግን አዲስ አይደለም፤ ጀርመናውያኑ ሐኪሞች ፕፍሉግና ቶለ በ1971 እ.ኤ.አ. ጽፈውበታል። ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ በነጋታው ቀለል ይላቸዋል። ክኒን ሳምንታት የሚፈጅበትን ይህ በአንድ ሌሊት ያመጣዋል። ጣጣው የሚመጣው ሲተኙ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. የታተመ የጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው፣ መድኃኒት ሳይወስዱ ከተሻላቸው ውስጥ 83 በመቶው አንድ ሌሊት ሲተኙ ድባቴው ተመልሶባቸዋል።

ታዲያ ስንቱ ቦታ ነው «ዛሬ እንዳትተኛ» ብሎ ታማሚን ብቻውን ወደ ቤቱ የሚሰደው! ሊነጋጋ ሲል ሶፋው ላይ ሸለብ ያደርገዋል። የጥቂት ደቂቃ ሸለብታ እንኳ የሌሊቱን ድካም ሁሉ ገደል ሊከተው ይችላል። ከዚያ «አንተ ላይ አልሠራም» ይሉታል። ሌላው ደግሞ በደንብ አስነግቶ፣ ሲስቅ አይቶ፣ ያሰናብተዋል፤ በማግስቱ ሕመሙ ሲመለስ አጠገቡ ማንም የለም። ደኅና ቀን አይቶ መልሶ ያጣ ሰው ብቻውን መተው የለበትም። ይሄ በጣም ያስቆጣል።

ሚላን ላይ አንዱ ዙር ጠዋት 1 ሰዓት ይጀምርና እስከ ማግስቱ ማታ 1 ሰዓት፣ 36 ሰዓት ይዘልቃል። ያን ሌሊት ይተኛል። እንዲህ በሳምንት 3 ጊዜ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ለ30 ደቂቃ ለሕክምና በተሠራ ደማቅ መብራት ፊት ይቀመጣል፤ ተኝቶ በተነሳበት ጠዋትም ይደገማል። ባይፖላር (ስሜት አንዴ ወደ ድባቴ አንዴ ወደ ከልክ ያለፈ ግለት የሚወዛወዝበት ሕመም) ላለበት ሊትየም የተባለው ስሜት ማረጋጊያ መድኃኒት ይታከላል። የተገኘው ለውጥ እንዳይሸሽ አጥብቀው የሚይዙት መብራቱና ሊትየሙ ናቸው።

ከሁሉ የሚከብደው ከሌሊቱ 10 ሰዓት በኋላ ያለው ነው። አገጭ ወደ ደረት ማዘንበል ሲጀምር የሚያስፈልገው ቁጣ አይደለም፤ ክንድ ይዞ ኮሪደሩን አብሮ የሚዞር ሰው ነው። ከመተኛቱ በፊትም «ነገ ሊከፋህ ይችላል፣ ገና 2 ዙር ይቀረናል» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። ይህን ሥራ ብላችሁ የያዛችሁ ሁሉ ተባረኩ!

ሚላንና አካባቢው ያላችሁ፣ ሐኪማችሁ እዚያ እንዲልካችሁ ጠይቁ። ሌላ አገር ያላችሁም የአእምሮ ሐኪማችሁን ጠይቁ፦ ሌሊቱን ማን ይጠብቀኛል? መብራቱ አለ? ከተኛሁ በኋላስ ማን ያየኛል? እባካችሁ፣ ቤት ውስጥ ለብቻችሁ አትሞክሩት። የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው እንቅልፍ ማጣት ሊጥለው ይችላል፤ ባይፖላር ያለበትን ደግሞ ስሜት ማረጋጊያ ካልወሰደ ወደ ማኒያ፣ ማለትም ወደ ከልክ ያለፈው ግለት፣ ሊገለብጠው ይችላል። ባነጋችሁበት ቀን መኪና አትንዱ፤ የሚወስዳችሁን ሰው ቀድማችሁ ያዙ።