የኑግ ፋጉሎ፦ ላሚቱ አልበላም ስትል ጥፋቱ የማን ነው?

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባሉት የጎጃም ከተሞች የወተት ላም የሚያረባ ሁሉ የኑግ ፋጉሎን ያውቀዋል። ዘይት መጭመቂያ ቤቶች ዘይቱን ለሰው፣ ከጭመቃው የሚተርፈውን ፋጉሎ ለከብት ይሸጣሉ። በአካባቢው ከሚገኙት የፕሮቲን መኖዎች እኛ የምናስቀድመው ይህንኑ ነው። ጥሩ ፋጉሎ ከመቶ 30 እጅ ገደማ ፕሮቲን ሲይዝ የጤፍ ጭድ ከ5 እጅ እምብዛም አያልፍም። ጭድና የዳጉሳ ገለባ ብቻ የምትበላ ዲቃላ ላም ወተቷ የሚቀንስባት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይኸው ነው።

ሆኖም «ላሜ አትበላውም» የሚለው ቅሬታ ከገዢዎች አፍ አይጠፋም። ብዙ ሰው ላሚቱን አመለኛ ናት፣ ትመርጣለች ብሎ ይፈርድባታል። እኛ ደግሞ በቅድሚያ ጆንያው ይፈተሽ እንላለን። የላም አፍንጫ ጠንቃቃ ነው፤ ሻጋታንና የከረመ ዘይትን ከባለቤቷ ቀድማ ትለያለች።

ከመጭመቂያ ቤት በቀጥታ የተገዛና በነጋዴ መጋዘን የከረመ ፋጉሎ በፍጹም አንድ አይደሉም። ትንንሾቹ ማሽኖች ዘይቱን አሟጠው ስለማያወጡት ፋጉሎው ውስጥ ብዙ ዘይት ይቀራል። ትኩስ ሳለ ይህ ዘይት ጣዕሙን ያሳምረዋል፣ ኃይልም ይጨምርለታል። ሲከርም ግን ያው ዘይት አየር እያገኘው ይበላሻል፤ ያኔ የሚከረፋው ሽታ ላሚቱን ከገንዳው ያሸሻታል። ስለዚህ አንድ ኩንታል ትኩስ ገዝቶ ሲያልቅ መመለስ፣ ረከሰ ተብሎ አምስት ኩንታል ከማከማቸት ይሻላል።

ስትገዙ ጆንያው ይፈታላችሁ። ክንዳችሁን እስከ ክርን አስገብታችሁ መሀሉን ዳስሱት። በዚያው ቀን ከማሽን የወጣ ሳይሆን የሚሞቅ ከሆነ እርጥበት ይዟል፣ ሻጋታውም ጀምሯል ወይም ሊጀምር ነው። በዚያው ቀን የወጣውም ቢሆን በትኩሱ በጆንያ መታሰር የለበትም፤ ሲያልበው እርጥበቱ ተመልሶ ወደ ፋጉሎው ይገባል። ቤት ስታደርሱት ሸራ ላይ በትናችሁ ፍጹም እስኪበርድ ጠብቁ። ቁራሹን ደግሞ በእጅ ስበሩት፦ ደረቁ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ እርጥቡ ይታጠፋል። ሽታው የተቆላ ኑግ መምሰል አለበት። አሸዋ ወይም ገለባ ተቀላቅሎበት እንደሆነ ለማየት ጥቂቱን ፈጭቶ በብርጭቆ ውሃ ማማሰልና ለጥቂት ደቂቃ ማስቀመጥ ይበቃል። አሸዋው ይዘቅጣል፣ ገለባው ይንሳፈፋል።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ምክንያት ጎመን ዘር ነው። በደጋው አንዱ መጭመቂያ ኑግም ጎመን ዘርም ይጨምቃል፤ ማሽኑ በመሀል በደንብ ካልጸዳ ወይም ሁለቱ ፋጉሎ በአንድ ክምር ከተደባለቁ ጣዕሙ ይለወጣል። የጎመን ዘር ፋጉሎ ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር ውሃ ሲነካው እንደ ሰናፍጭ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ ያወጣል፤ ላሞችም ይጠሉታል። አንድ እፍኝ በለብ ያለ ውሃ አርሳችሁ፣ ሸፍናችሁ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ አሽቱት። አፍንጫችሁን ከሰነፈጣችሁ ላሚቱ እውነቷን ነው። በማሽኑ ሙቀት ብዙ የተቃጠለ ፋጉሎ ግን ጎመን ዘር እያለበትም ላይሸት ስለሚችል፣ ሻጩን ከዚያ በፊት ምን እንደጨመቀ መጠየቅም አይቅር።

ሻጋታውን በቀላሉ አትዩት። የሻገተውን ክፍል አንስቶ ቀሪውን ማብላት በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ እኛ አጥብቀን እንቃወመዋለን። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ በዓይን አይታይም፣ በአንድ ቀን ውስጥ ወደ ወተቱ ይተላለፋል፣ ወተቱን ማፍላትም አያጠፋውም። በአዲስ አበባ ዙሪያ ተጠንቶ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ሥራ በወተት ውስጥ የተገኘውን አፍላቶክሲን በዋናነት ከኑግ ፋጉሎ ጋር አያይዞታል። ወተቱን የሚጠጣው ሕፃን ነውና ጆንያው በሙሉ ይጣል። በጎጃም ክረምት ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በላይ የሚቆይ ክምችት አትያዙ። ጆንያዎቹም ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ባለ እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብለው ይደርደሩ።

ፋጉሎው ንጹሕና ትኩስ ሆኖም ላሚቱ ከገፋችው፣ አብዛኛውን ጊዜ ያልለመደችው በመሆኑ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ኪሎ ማቅረብ ስህተት ነው፤ በጨጓራዋ ያሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን ከአዲስ መኖ ጋር ለመላመድ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይፈልጋሉ። በ200 ግራም ጀምሩ፤ ከለመደችው ፉርሽካ ጋር ቀላቅሉትና በየሦስት ቀኑ 200 ግራም ጨምሩ። ቁራሹን በሙቀጫ ወይም በመዶሻ አድቅቁት። ትልቅ ቁራሽ ጉሮሮ ላይ ከተሰነቀረ ላሚቱ ማግሳት ስለማትችል ሆዷ ይነፋል፤ ይህ ይገድላል። ከደቀቀ በኋላ ማግኔት አሳልፉበት፦ ላም ሚስማርና ሽቦ ለይታ አትተፋም።

ለማባበል ግማሽ ሊትር የጠላ አተላ፣ ወይም አንድ እጅ ሞላሰስ (የስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት) በሁለት እጅ ውሃ አቅጥኖ ከላይ መርጨት ይረዳል። የነከሩትን በዚያው ሰዓት ማብላት ይገባል፤ በባሕር ዳር ሙቀት ጠዋት የተነከረ ማታ ኮምጥጦ ይገኛል። ስትለምድ ለ10 ኪሎ ድብልቅ ፉርሽካ 6.5 ኪሎ፣ ፋጉሎ 3.4 ኪሎ፣ ጨው 100 ግራም እንመክራለን። ከዚህ የበዛ ፋጉሎ፣ በተለይ ዘይቱ ብዙ የሆነው፣ የጭዱን መፈጨት ያውካል። የተለመደው ልኬት ለአንድ ሊትር ወተት ግማሽ ኪሎ ድብልቅ ነው፤ 8 ሊትር ለምትታለብ 4 ኪሎ፣ በጠዋትና በማታ ተከፍሎ።

ፋጉሎውን ለቅማ ጭዱን የምትተው ላምም አለች። ጭዱ ረጅም ሲሆን በአፍንጫዋ እያገላበጠች ደቃቁን ከሥር ታወጣዋለች። ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ፣ ድብልቁ እስኪጣበቅበት ውሃ አርከፍክፉበት። ከዚያ በላይ አታድቅቁት፤ ማመንዠኳ ይቀንሳል። ገንዳው በየቀኑ ይጠረግ፣ ውሃ ከፊቷ አይጥፋ፦ የጠማት ላም ደረቅ መኖ አትነካም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እምቢ ካለች ወይም ከዚህ ቀደም ትወደው የነበረውን ድንገት ካቆመች ነገሩ ከጣዕም አልፏል። ሙቀቷ ከ39.5 ዲግሪ ከበለጠ፣ ማመንዠክ ካቆመች፣ በግራ ጎኗ ላይ ጡጫችሁን ብታሳርፉ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ እንኳ የጨጓራ እንቅስቃሴ ካልተሰማችሁ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ከወለደች ገና ሁለት ወር ያልሞላት ጥገት ጭዱን እየበላች ፋጉሎውንና ፉርሽካውን ብቻ ከተወች ደግሞ ኪቶሲስ፣ ማለትም ከወሊድ በኋላ ኃይል ሲያጥራት የሚመጣው በሽታ፣ መጠርጠር አለበት። ትንፋሿ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የመሰለ ጣፋጭ ሽታ ሊኖረው ይችላል። እንዲህ ያለችውን ላም «ሲርባት ትበላለች» ብሎ ማስራብ በሽታውን ያባብሰዋል፤ በዚያው ቀን ሕክምና ታግኝ።