ኪሊማንጃሮ በማቻሜ መንገድ፦ ሒሳቡ፣ ቀኖቹና የመጨረሻው ሌሊት

ኪሊማንጃሮን ለመውጣት ያሰበ ሰው በማቻሜ በኩል ሰባት ቀን ይያዝ። የስድስት ቀኑ ጉዞ ያለ ምክንያት ያንገላታል፤ ማራንጉ የሚባለውን ሌላ መንገድ በአምስት ቀን የሚሸጥ አስጎብኚ ካጋጠመ ደግሞ አመስግኖ ማለፍ ነው። ገንዘብ ከተረፈ የስምንት ቀኑ ሌሞሾ ይሻላል፤ ከምዕራብ ተነስቶ የሺራን አምባ አቋርጦ ስለሚመጣ የመጀመሪያዎቹ ቀኖች ጸጥ ያሉ ናቸው፣ ሰውነትም ቀስ ብሎ ይለምዳል። ዋጋውንም ጫፍ የመድረስ ዕድሉንም አንድ ላይ ለሚያሰላ ግን የሰባት ቀኑ ማቻሜ ይበቃዋል።

ይህ ሁሉ የቀን ክርክር የመጣው ከአየሩ ነው። በተለመዱት መንገዶች ተራራው ገመድም የበረዶ መጥረቢያም አይጠይቅም፤ ጤነኛ ሰው በእግሩ የሚወጣው ነው። ሰው ከመንገድ የሚመለሰው ብዙውን ጊዜ ጉልበቱ አልቆ ሳይሆን ሰውነቱ ከፍታውን ሳይለምድ ስለተጣደፈ ነው። ኡሁሩ በሚባለው ጫፍ፣ 5,895 ሜትር ላይ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገባው ግማሽ ገደማ ነው። የተለመደው የሕክምና ምክር ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር፣ በየሦስት አራት ቀኑም አንድ ሌሊት እዚያው መድገም ነው። አሁን የአምስት ቀኑን ማራንጉ ተመልከቱ፦ ማንዳራ 2,720፣ ሆሮምቦ 3,720፣ ኪቦ 4,720። በየሌሊቱ ሺህ ሜትር! ከኪቦ ደግሞ በዚያው ሌሊት ወደ ጫፍ። ማራንጉ ድንኳን ሳይሆን ባለ አልጋ ጎጆ ያለው ብቸኛው መንገድ በመሆኑ በዝናብ ወራት ይመረጣል፤ ያም ቢሆን ሆሮምቦ ላይ አንድ ሌሊት ተደግሞ ስድስት ቀን ሲሆን ነው።

ደገኛ የሆነ ሰው፣ 2,400 ሜትር አካባቢ የሚኖር፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀኖች ሊቀሉት ይችላሉ። እዚያ ላይ «እኔን ከፍታ አይነካኝም» ብሎ እግሩን ያፈጠነ ግን 4,000 ሜትርን ሲያልፍ እንደማንም ራሱን ይዞ ይቀመጣል።

ወደ ዋጋው እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። በፓርኩ ታሪፍ አንድ የውጭ አገር አዋቂ ጎብኚ በቀን 70 ዶላር የተፈጥሮ ጥበቃ ክፍያ፣ ለአንድ የካምፕ ሌሊት 50 ዶላር፣ ለነፍስ አድን አገልግሎት ደግሞ በጉዞ 20 ዶላር ይከፍላል። በዚህ ላይ 18 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ። ለሰባት ቀንና ለስድስት ሌሊት 490፣ 300 እና 20 ሲደመሩ 810 ዶላር፣ ከነታክሱ ወደ 956 ዶላር ይሆናል። ቅናሽ ያላቸው የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አገሮች ዜጎች ናቸው፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ በውጭ ዜጋ ሒሳብ ይከፍላል። ታሪፉ ስለሚሻሻል ከመክፈላችሁ በፊት የዓመቱን ዝርዝር ጠይቁ።

እንግዲህ አንድ ድርጅት ሰባቱን ቀን በ1,200 ዶላር አወጣለሁ ካለ፣ ከፓርኩ ክፍያ በኋላ በእጁ የሚቀረው 244 ዶላር ብቻ ነው። በዚህ ገንዘብ መሪ፣ ምግብ አብሳይ፣ ለአንድ ጎብኚ ሦስት ወይም አራት ተሸካሚ፣ የሳምንት ቀለብ፣ ድንኳንና ከሞሺ ከተማ የሚወስድ መኪና ይሸፈናል ማለት ዘበት ነው። የጎደለው የሚቆረጠው ከተሸካሚው ደሞዝና ምሳ ነው። ከ1,800 ዶላር በታች ዋጋ ሲቀርብ እነዚህን ጠይቁ፦ ተሸካሚዎቹ በቀን ስንት ጊዜ ይበላሉ? የት ያድራሉ? ደሞዛቸው መቼ ይከፈላል? ድርጅቱ የኪሊማንጃሮ ተሸካሚዎች ድጋፍ ፕሮጀክት አጋር ነው? አጋሮቹ በስም ስለሚታወቁ ይህን ማጣራት ቀላል ነው። ለአንድ ተሸካሚ የሚፈቀደው ጭነት 20 ኪሎ ነው፤ በሩ ላይም ይመዘናል። ስለዚህ የእናንተ ቦርሳ ከ15 ኪሎ አይለፍ፤ ለስላሳ ከረጢት ይሁን እንጂ ጎማ ያለው ሻንጣ አይሁን።

ጉርሻ ከዚህ ውጪ ነው፤ ግዴታ ባይሆንም ሁሉም ይጠብቀዋል። በተለመደው ልክ ከቡድኑ በጠቅላላ ለዋናው መሪ በቀን ከ20 እስከ 25 ዶላር፣ ለአብሳዩ ከ12 እስከ 15፣ ለእያንዳንዱ ተሸካሚ ከ6 እስከ 10 ዶላር ይሰጣል። ዝርዝሩን በወረቀት ጽፎ ሁሉም በተሰበሰበበት ማንበብና መስጠት ይሻላል፤ ለአንድ ሰው በፖስታ የተሰጠ ገንዘብ መንገድ ላይ ይቀንሳል።

ያለ አስጎብኚ ራሴን ችዬ ልውጣ ማለት አይቻልም፤ ፈቃድ ያለው መሪ ግዴታ ነው። ከኢትዮጵያ ለሚነሳ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ያስፈልጋል። ፌስታል አገሩ በሙሉ ከልክሏል፤ ፓርኩ ደግሞ አንዴ ተጠጥቶ የሚጣል የፕላስቲክ ጠርሙስ አያስገባም። አንድ ሊትር የሚይዙ ሁለት ጠንካራ ኮዳዎችና ሁለት ሊትር የሚይዝ የውኃ ከረጢት ያዙ።

የማቻሜ በር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ምዝገባውና የጭነቱ ሚዛን አንድ ሁለት ሰዓት ይበላል፤ ዘግይቶ የደረሰ ካምፕ የሚገባው በጨለማ ነው። የመጀመሪያው ቀን ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው፤ ጭቃው ጫማ ይውጣል፣ ዛፉ ላይ ጉሬዛና ሰማያዊ ጦጣ ይታያል። የዱር አራዊት አይቼ እመለሳለሁ ያለ ግን ሌላ ፓርክ ይምረጥ፤ ከደኑ በላይ የሚከተላችሁ አንገቱ ነጭ የሆነው ቁራ ነው፣ እሱም ምሳችሁን ፍለጋ። ሁለተኛው ቀን አጭርና ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ በአስታው መሀል አልፎ ሺራ ካምፕ፣ 3,840 ሜትር ላይ ያሳድራል።

ሦስተኛው ቀን የዚህ መንገድ ዋና ጥቅም ነው። ጠዋት ላቫ ታወር ወደሚባለው ጥቁር ቋጥኝ፣ 4,600 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ከሰዓት ባራንኮ፣ 3,960 ሜትር ወርዶ ይታደራል። ቀን ከፍ ብሎ ሌሊት ዝቅ ማለት ሰውነትን የሚያለማምደው ዋናው ዘዴ ነው። ላቫ ታወር ሥር ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ የብዙ ሰው ነው፤ ሲወርዱ ይለቃል። ከቋጥኙ በታች የሚያልፍ አቋራጭ አለ። መሪው ለመፍጠን ብሎ በዚያ ልውሰዳችሁ ካለ፣ የታመመ ከሌለ በስተቀር እሺ አትበሉ። ወደ ባራንኮ ሲወርዱ ከሰው ቁመት በእጥፍና ከዚያ በላይ የረዘመው ሴኔሲዮ የሚባል ተክልና የጅብራ ዘመድ የሆነው ሎቤሊያ ይጀምራሉ፤ የመንገዱ ውብ ቦታ ያ ነው።

የባራንኮ ግድግዳ ከሩቅ ያስፈራል እንጂ 257 ሜትር ብቻ ነው። እጅ ይፈልጋል፣ ገመድ አይፈልግም። ምርኩዛችሁን አጥፋችሁ ቦርሳ ውስጥ ክተቱ፤ ግድግዳው ላይ ምርኩዝ የያዘ ሰው መያዣ ሲያጣ ይንገዳገዳል። ተሸካሚ ሲመጣ ከተራራው ወገን ሆናችሁ አሳልፉት። ከግድግዳው በኋላ ካራንጋ፣ 4,000 ሜትር አካባቢ አለ። የስድስት ቀኑና የሰባት ቀኑ ልዩነት እዚህ ነው፦ የስድስት ቀኑ ተጓዥ ካራንጋን አልፎ በዚያው ቀን ባራፉ፣ 4,670 ሜትር ገደማ ይደርስና ጥቂት ሰዓት ጋደም ብሎ እኩለ ሌሊት ላይ ለጫፉ ይነሳል። የሰባት ቀኑ ካራንጋ ያድራል፣ በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ባራፉ ገብቶ ግማሽ ቀን ያርፋል። የመጨረሻው የውኃ ምንጭም ካራንጋ ነው፤ ባራፉ የሚጠጣው ሁሉ ከዚያ በሰው ጫንቃ የመጣ ስለሆነ ፊት ለመታጠብ ውኃ አትጠይቁ።

የመጨረሻው ሌሊት 1,200 ሜትር ዳገት ነው። ጉዞው እኩለ ሌሊት አካባቢ የሚጀምረው ለፀሐይ መውጫ ብቻ አይደለም፤ ሌሊት ጠጠሩ በውርጭ ስለሚይዝ እግር አይንሸራተትም፣ የወጣ ሰው ደግሞ በዚያው ቀን እስከ 3,100 ሜትር መውረድ አለበት። የገሞራው አፍ ጠርዝ ላይ ያለው ስቴላ ፖይንት፣ 5,756 ሜትር ለመድረስ ስድስት ወይም ሰባት ሰዓት፣ ከዚያ ኡሁሩ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ብርዱ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ መድረሱ ብርቅ አይደለም፣ ነፋሱ ሲጨመር ይብሳል።

በዚያ ሌሊት የሚበላሸው ነገር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። መጀመሪያ የውኃ ከረጢቱ ቱቦ በበረዶ ይደፈናል፤ ከጠጡ በኋላ ውኃውን ወደ ከረጢቱ መልሶ መንፋት ያዘገየዋል፣ ዋናው መድኅን ግን ካልሲ ውስጥ ተገልብጦ የተቀመጠ ኮዳ ነው። በረዶ ከላይ ስለሚጀምር የተገለበጠ ኮዳ ክዳኑ አይዘጋም። ቀጥሎ የግንባር መብራቱ ይደክማል፤ ሊቲየም ባትሪ ብርድ ይችላል፣ መለዋወጫውን ከሰውነት ጋር በሚነካ ኪስ ያዙ። ስልክም እንዲሁ። ሦስተኛው ልብስ ነው፦ ከባዱን ጃኬት ከካምፕ ለብሶ የተነሳ በግማሽ ሰዓት ያልበዋል፣ ላቡ ስቴላ ሳይደርስ ይበርደዋል። ስትነሱ ትንሽ ይብረዳችሁ። ጓንት ሁለት ድርብ፣ ላዩ ጣቶችን አንድ ላይ የሚያቅፍ ይሁን። የመኝታ ከረጢቱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ላይ የሚመች መሆኑን፣ ሕይወትን ብቻ ከሚያተርፈው የብርድ ወሰን ቁጥር ጋር ሳታምታቱ፣ ከኪራይ በፊት አንብቡ።

ስለ መድኃኒቱ፦ ዳያሞክስ፣ ማለትም አሴታዞላማይድ፣ በተለመደው የመከላከያ መጠን 125 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከመውጣት አንድ ቀን ቀድሞ ይጀመራል። ሽንት ያበዛል፣ ጣት ይደነዝዛል፣ የለስላሳ መጠጥን ጣዕም ያበላሻል። የሰልፋ አለርጂ ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይንካው። መድኃኒቱ ማለማመዱን ያግዛል እንጂ የተዘለለ ቀን አይተካም። መሪው ጠዋትና ማታ የኦክስጅን መለኪያ ጣታችሁ ላይ ካላደረገ ይህ ራሱ የድርጅቱን ደረጃ ይናገራል። ከቁጥሩ ይልቅ ግን ሰውየውን እዩት፦ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት እያስነካ በቀጥታ መራመድ ያቃተው፣ ወይም ተቀምጦ ትንፋሽ የሚያጥረውና የሚያስለው ሰው በዚያው ሰዓት ይውረድ፤ እስኪነጋ አይጠበቅም። የጉዞ መድኅናችሁም እስከ 6,000 ሜትር በእግር መውጣትን የሚሸፍን መሆኑን ከውሉ ላይ አረጋግጡ፤ 4,000 ላይ የሚያቆም ብዙ ነው።

ከፓርኩ አገልግሎት የሚመሰገነው መንገዱና ምዝገባው ነው፤ በየካምፑ ስም ይጻፋል፣ የጠፋ ሰው ወዲያው ይታወቃል። የሚወቀሰው መጸዳጃው ነው። በሐምሌና በነሐሴ ካምፑ ሲሞላ የጉድጓዱን ቤት ለማግኘት ካርታ አያስፈልግም፣ አፍንጫ ይበቃል። የግል የመጸዳጃ ድንኳን ተጨማሪ ክፍያ አለው፣ ቡድን ሆኖ መካፈል ያዋጣል። ደረቁ ጊዜ ከጥር እስከ መጋቢት መጀመሪያና ከሰኔ መጨረሻ እስከ ጥቅምት ነው፤ ሚያዝያና ግንቦት ይቅሩባችሁ።

እሳተ ገሞራ ለማየት የሚሄድ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። ከተራራው ሦስት የእሳተ ገሞራ ጫፎች ሺራና ማዌንዚ የሞቱ ናቸው፤ ኡሁሩ ያለበት ዋናው ጫፍ ኪቦ ተኝቷል። ቀይ ቅልጥ አለት የለም። ድኝ የሚሸተው የሮይሽ ጉድጓድና በውስጡ ያለው የአመድ ጉድጓድ ከተለመደው መንገድ አይታዩም፤ ወደ ገሞራው አፍ ውስጥ መግባትን የጨመረ ልዩ ጉዞ ይፈልጋሉ። በምዕራቡ ስንጥቅ በኩል የሚወጣው መንገድ ወደዚያ ያቃርባል፣ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2006 የወረደ ናዳ ሦስት ተጓዦችን የገደለበት ስለሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ አይመከርም። ከጫፉ የሚታየው የበረዶ ግንብም ከ1912 ወዲህ ከ80 በመቶ በላይ አልቋል።

ሳምንት የሌለው ሰው በማራንጉ በር ገብቶ ማንዳራ ድረስ በእግር ሄዶ ሊመለስ ይችላል። ከማንዳራ ሩብ ሰዓት ያህል ርቆ ማውንዲ የሚባል፣ ሣር የለበሰ ትንሽ የእሳተ ገሞራ አፍ አለ፤ ዙሪያውን ይዞሩታል፣ ሰማዩ ከጠራ ኪቦና ማዌንዚ ከዚያ ይታያሉ። ለጎብኚው የፓርኩ ክፍያ የአንድ ቀኑ 70 ዶላርና ታክሱ ነው፤ መሪ እዚህም ያስፈልጋል። ጉሙ ብዙውን ጊዜ ከረፋድ በኋላ ስለሚወጣ በሩ እንደተከፈተ ግቡ፣ የዝናብ ልብስም አትርሱ።