ማኩረፍ ወይስ ቀድሞ በር ማንኳኳት?

ከጎረቤት ጋር ሲጣሉ ማኩረፍ ይቀላል። ወጪ የለውም፤ ክብርንም የሚያስጠብቅ ይመስላል። እኔ ሞክሬዋለሁ። በአንድ የጎርፍ መውረጃ ቦይ የተነሳ ከጎረቤቴ ጋር ሁለት ክረምት ተዘጋግተን ኖርን። ጋሼ በግቢያቸው ሲስቁ በእኔ የሚስቁ ይመስለኝ ነበር። ቦዩ እንደሆነ እንደተደፈነ ነው፤ ውሃው የእሳቸውንም የእኔንም ደጅ እኩል ያጥለቀልቃል።

ቀድሞ በር ማንኳኳት ግን ያሳፍራል። ማቴዎስ ምዕራፍ 5 ቁጥር 23 እና 24 መባህን ትተህ መጀመሪያ ሂድና ከወንድምህ ታረቅ ይላል። ልብ በሉ፣ የተቀየመው ወንድምየው ነው፤ ሂድ የተባለው ግን ሌላው! በቅዳሴም ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ» ሲል እርስ በርስ እጅ እንነሳለን። እኔ ለማላውቀው ምእመን ጎንበስ እያልኩ፣ ግድግዳ ለሚጋሩኝ ሰው «እንደምን አደሩ» ማለት አቅቶኝ ነበር።

ማንኳኳት ለሁሉም ጠብ መድኃኒት ነው አልልም። ድብደባ ወይም ዛቻ ካለ ፖሊስ ጣቢያና ሽማግሌ ይቅደሙ። ለቦይ ጠብ ግን ምርጫዬ ግልጽ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንኳኳሁ። በነጠላ ጫማ ወጡ።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አጥፍቻለሁ።»

ዝም ብለው አዩኝና፣ «አካፋ ይዘሃል?» አሉ።

አልያዝኩም ነበር። እሳቸው ሁለት ነበራቸው። እስከ እኩለ ቀን ጭቃ ስንዝቅ ዋልን፤ ቡናውም እዚያው ቦዩ ዳር ቀረበልን።